ኢንዛይሙ መኖሩና መሥራቱ ለየቅል ነው

ሰሞኑን በላብራቶሪ ሰዎች ዘንድ አንድ ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደረሰኝ፤ «አየኸው? ምን ትላለህ?» የሚል ጥያቄ ታክሎበት። አየሁት። የምለው ስላለኝ ይህን ጻፍኩ።

ጽሑፉ የሚያወራው በደም ፕላዝማ ውስጥ ስላለ አንድ ኢንዛይም ነው፤ ቡቲሪልኮሊንኤስትሬዝ። ስሙ ምላስ ያደናቅፋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የፕላዝማ ኮሊንኤስትሬዝ ልበለው። ጉበት ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀው ኢንዛይም ነው። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች፣ እነ ማላታይን፣ እነ ክሎርፓይሪፎስ፣ እነ ዲያዚኖን፣ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ከሚያጠቋቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

አዲስ አበባ ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከሰበታ እስከ ሆለታ፣ ከመናገሻ እስከ ቢሾፍቱ የአበባ እርሻዎች አሉ። እዚያ ኬሚካል የሚረጭ ሰው አለ። በረጪው ደም ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪም አለ። እኔም ሰበታ አካባቢ ባለች አንዲት አነስተኛ ላብራቶሪ ውስጥ ከዚህ ሥራ ጋር ስታገል የምውል ሰው ነኝ።

ጸሐፊው በአጭሩ የሚሉት ይህን ነው። አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) የሚይዘው የራሱን ዒላማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኢላይዛ (በአንቲቦዲ ይዞ መጠንን በቀለም የሚለካ ምርመራ) ላይ ቀለም ከወጣ ኢንዛይሙ አለ። የኢንዛይሙ መጠን ከታወቀ ደግሞ ሥራውም ታወቀ። ስለዚህ ሥራውን በቢጫ ቀለም የሚለካው የድሮው የኤልማን ዘዴ ጡረታ ይውጣ፤ የአበባ እርሻ ሠራተኞችም በኢላይዛ ይመርመሩ። አንቲቦዲው ሞኖክሎናል (ከአንድ ሴል ዘር የመጣ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት) ከሆነ በቂ ዋስትና ነው። አምራቹ ፈትሾ ስለሸጠው እኛ እንደገና መፈተሻችን ብር ማባከን ነው። ደሙ በምን ዓይነት ቱቦ ተቀዳ የሚለው ብዙም አያስጨንቅም። በመጨረሻም የኤልማን ዘዴ ለክፍል ሙቀትና ለመብራት መቆራረጥ ስስ ስለሆነ፣ ከከተማ ወጣ ላሉ ላብራቶሪዎች ኢላይዛ ይሻላል።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ጸሐፊው ሙያውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለ ኢላይዛ አሠራር ያሰፈሩትን ማብራሪያ እኔም ለተማሪ እሰጠዋለሁ። የማልስማማው በመደምደሚያዎቹ ነው። በተለይ ሁለተኛው መደምደሚያ፣ «መጠኑ ከታወቀ ሥራው ታወቀ» የሚለው፣ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ተራውን ትቼ ከእሱ ልጀምር።

«መጠኑ ከታወቀ ሥራው ታወቀ።» ለሌላ ፕሮቲን፣ ለሌላ ጥያቄ ይሠራ ይሆናል። ለዚህ ኢንዛይምና ለዚህ ጥያቄ ግን በፍጹም። ምክንያቱ ኬሚካሉ የሚያጠቃበት መንገድ ነው።

ኦርጋኖፎስፌት ኢንዛይሙን አይቆራርጠውም። ከደም ጠርጎም አያወጣውም። ኢንዛይሙ ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ላይ አንዲት ሴሪን የተባለች አሚኖ አሲድ አለች፤ በሰው ኢንዛይም ላይ 198ኛዋ ናት። ኬሚካሉ እሷን ይይዛታል። እሷ ከተያዘች በኋላ ኢንዛይሙ ሥራ ፈትቶ ደም ውስጥ ይዞራል። ፕሮቲኑ ግን እንዳለ አለ። እያንዳንዱ ክፍል ያው 574 አሚኖ አሲድ ነው፤ አራት አራት ሆኖ የተጣመረውም እንደተጣመረ ነው።

አሁን አንቲቦዲውን አስቡት። ያቺ ሴሪን ያለችው ላይ ላዩን አይደለም። 2 ናኖሜትር ያህል ወደ ውስጥ የገባ ጠባብ ጉድጓድ አለ፣ እሷ ከግርጌው ናት። አንቲቦዲ ደግሞ 150 ኪሎዳልተን የሚመዝን ግዙፍ ሞለኪውል ነው፤ እዚያ አይገባም። የሚይዘው የኢንዛይሙን ውጫዊ ገጽ ነው። ታች ሴሪኗ ተያዘች አልተያዘች ለእሱ ለውጥ የለውም። መናኸሪያ ገብቶ ሚኒባስ የቆጠረ ሰው የስንቱ ሞተር እንደሚነሳ አያውቅም፤ ኢላይዛም እንደዚያው ነው። (ኬሚካል የያዘውን ኢንዛይም ብቻ ለይቶ የሚያውቅ አንቲቦዲ ለመሥራት የሚጥሩ ተመራማሪዎች አሉ። ጸሐፊው የሚያወሩት ግን ስለ ተራው ኪት ነው።)

በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የቀመርኩት ነው እንጂ የማንም ሰው ውጤት አይደለም። አንድ ረጪ የርጭት ወቅት ሳይጀመር ተለካ እንበል። ኢላይዛው በሊትር 5 ሚሊግራም ኢንዛይም አሳየ። ሥራውን ደግሞ 100 በመቶ ብለን እንያዝ። ከወር በኋላ እንደገና ተለካ። ኢላይዛው አሁንም 5 ሚሊግራም አለ። ኤልማን 55 በመቶ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢሆን ይህ ሰው ወዲያው ከርጭት ይነሳል። በእነሱ ደንብ የአንድ ሠራተኛ የፕላዝማ ኮሊንኤስትሬዝ ከራሱ መነሻ ልኬት 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ከኬሚካሉ እንዲርቅ ይደረጋል፤ 80 በመቶ እስኪደርስም አይመለስም። በጸሐፊው ምክር የሚሄድ ላብራቶሪ ግን «ምንም የለብህም» ብሎ በነጋታው ወደ ግሪንሃውሱ ይሸኘዋል።

«ሰው ይጎዳል» ያልኩት ለዚህ ነው።

ኬሚካል የሌለበት ማስረጃም ልጨምር፤ ከቀዶ ሕክምና ክፍል። የሰመመን ባለሙያዎች ሱክሳሜቶኒየም የሚባለውን ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት በደንብ ያውቁታል። በአብዛኛው ሰው ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉ ያልቃል። የሚሰባብረው ይኸው የፕላዝማ ኮሊንኤስትሬዝ ነው። አንዳንድ ሰው ግን በዘር የወረሰው ኢንዛይም መድኃኒቱን መሰባበር ያቅተዋል። ሰውዬው ለሰዓታት በመተንፈሻ መሣሪያ ይቆያል። ቨርነር ካሎቭና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1957 ይህን የሚለይ ምርመራ አወጡ፤ የዲቡኬይን ቁጥር ይባላል። ዲቡኬይን የተባለው ማደንዘዣ የተለመደውን ኢንዛይም 80 በመቶ ያህል ሲገታው፣ ያንን ልዩ ዓይነት የሚገታው 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የለኩት ሥራን ነው። የዚህ ልዩ ኢንዛይም ዋናው ልዩነት አንዲት አሚኖ አሲድ ናት። ተራ አንቲቦዲ «አለ» ብሎ ያልፈዋል፤ ትክክል ነው፣ አለ። ሰውዬው ግን አይተነፍስም።

እንዲህ ስል ኢላይዛውን ጣሉት ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ጸሐፊው ያላነሱት፣ ቢያነሱት ግን የሚጠቅማቸው ነጥብ አለ። ኤልማንም ብቻውን ሲቆም ያሳስታል። ሥራው የወረደ ሁሉ ኬሚካል ነክቶታል ማለት አይደለም። ጉበቱ የታመመ ሰው፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሁሉም የፕላዝማ ኮሊንኤስትሬዛቸው ይቀንሳል። በአበባ እርሻ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ኤልማኗ ዝቅ ስላለ ብቻ «ኬሚካል ነው» ብሎ መፍረድ ለእሷም ለጥናቱም አይበጅም።

አንቲቦዲው ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው። መጠኑም ሥራውም አብረው ከወረዱ፣ የቀነሰው ኢንዛይሙ ራሱ ነው። መጠኑ ሳይነካ ሥራው ብቻውን ከወረደ፣ ኢንዛይሙ ተይዟል። ሥራውን ለመጠኑ ስታካፍሉት የሚወጣው ቁጥር ነው ነገሩን የሚለየው። ለማካፈል ደግሞ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። አንዱን ጡረታ ካወጣነው በምን እናካፍላለን?

ሁለቱን በአንድ ሥራ ላይ የሚያጋቡ ዘዴዎችም አሉ። አንቲቦዲውን ፕሌት (ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ሳህን) ወይም ማግኔቲክ ቢድ (በማግኔት የሚሰበሰብ ደቃቅ እንክብል) ላይ ታስሩታላችሁ። ኢንዛይሙን ከፕላዝማው ያጠምድላችኋል። ሌላውን ሁሉ አጥባችሁ ከጣላችሁ በኋላ የተጠመደውን ኢንዛይም ሥራ ትለካላችሁ። አቅሙ ያላቸው ላብራቶሪዎች ደግሞ የተጠመደውን በፔፕሲን ይቆራርጡትና ያቺ ሴሪን ያለችበትን ባለ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ቁራጭ በማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውል ክብደት በሚለካ መሣሪያ) ይመለከታሉ። ኬሚካሉ እላዩ ላይ ካለ ክብደቱ ያሳብቃል። የተያዘው ኢንዛይም ደም ውስጥ መቆየቱን የተጠቀሙበት ሌሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶኪዮ ምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን የተባለው የኦርጋኖፎስፌት መርዝ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከተጎጂዎች በተቀዳ ደም ውስጥ ሳሪኑን ከዚሁ ኢንዛይም ላይ መልሶ ማስለቀቅና መለየት ተችሏል። ኢንዛይሙ ከተያዘ በኋላ ከደም የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። አንቲቦዲ የሚይዘው ዒላማውን ብቻ ነው?

በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ አዎ። ፕላዝማ ውስጥ ግን ቁጥሩን አስሉት። በአንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 40 ግራም ገደማ አልቡሚን አለ። የእኛ ኢንዛይም 4 ወይም 5 ሚሊግራም ነው። አልቡሚኑ ስምንት ሺህ እጥፍ ያህል ይበልጣል። አንቲቦዲው ለአልቡሚን ያለው ፍቅር ለኢንዛይሙ ካለው አንድ ሺህኛ ብቻ ነው እንበል። ያ እንኳ ከአልቡሚን የሚመጣውን ምልክት ከኢንዛይሙ ስምንት እጥፍ ያደርገዋል። ማጠብና መሸፈን (ፕሌቱ ላይ ባዶ የቀረውን ቦታ በሌላ ፕሮቲን መድፈን) ይህን ይቀንሱታል፤ ኢላይዛ የሚሠራውም ለዚያ ነው። «ቀለም ከወጣ ኢንዛይሙ ነው» የሚለው ግን በዚህ ስሌት ፊት አይቆምም።

በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ ዒላማውን በአንቲቦዲ በሚያሳይ ዘዴ) የሚሠሩ ሰዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ፕላዝማ በራሱ አንቲቦዲ የተሞላ ነው፤ በሊትር 10 ግራም ገደማ። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ይዞ ምልክት የሚሰጠው ሁለተኛው አንቲቦዲ የሰውን አንቲቦዲ ጭምር ከያዘ፣ የአንቲቦዲ ሰንሰለቶች ባሉበት 50 እና 25 ኪሎዳልተን ላይ ደማቅ መስመር ይወጣል። የኢንዛይሙ አንድ ክፍል ከነስኳሩ 85 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው። አንድ ተማሪ 50 ላይ የወጣ መስመር ይዞ «የተቆረጠ ኢንዛይም አገኘሁ» ብሎ ሲደሰት አይቻለሁ። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ሳይጨምር ሁለተኛውን ብቻ አድርጎ ቢደግመው መስመሩ ያው ይወጣ ነበር።

ዒላማውን በሁለት አንቲቦዲ መሃል የሚይዘው ሳንድዊች ኢላይዛም ከዚህ ነፃ አይደለም። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ የእንስሳትን አንቲቦዲ የሚይዙ አንቲቦዲዎች አሉ። እነዚህ ከታች ያለውን የአይጥ አንቲቦዲ ከላይ ካለው ጋር በራሳቸው ያገናኙታል። ምንም ኢንዛይም ሳይኖር ቀለም ይወጣል። ከብት ከቤቱ ጋር አብሮ የሚያድርበት ሠፈር ውስጥ ለሚሠራ ተመራማሪ ይህ ችላ የሚባል ነገር አይመስለኝም።

«ይህ ሁሉ የጀማሪ ችግር ነው» የሚል ካለ፣ ቶሮንቶ የሆነውን ይስማ። ኢዮአኒስ ፕራሳስና ኤሌፍቴሪዮስ ዲያማንዲስ በዘርፉ ስመ ጥር ናቸው። የቆሽት ካንሰርን ያመለክታል ብለው የጠረጠሩትን አንድ ፕሮቲን በተገዛ የኢላይዛ ኪት ሲለኩ ቆዩ። ውጤቱ የሚያጓጓ ነበር። ኋላ ሲፈትሹት ኪቱ የሚይዘው ያንን ፕሮቲን አልነበረም፤ ሲኤ-125 የተባለውን፣ በኦቫሪ ካንሰር የታወቀውን ሌላ ፕሮቲን ነበር። ሁለት ዓመትና 500,000 ዶላር ገደማ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2014 ራሳቸው አውጥተው ጻፉት። ክብር ይገባቸዋል።

ይህ በቀጥታ «አምራቹ ፈትሾታል» ወደሚለው ይወስደናል። ያ ኪትም አምራች ነበረው፤ አምራቹም ወረቀት አያይዞለት ነበር።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ያነሱት ጭንቀት ግን እውነተኛ ነው። ኪቱ በዶላር ነው የሚገዛው። ዶላሩ ወረፋ አለው። ዕቃው ጉምሩክ ላይ ይቆያል። እንደምንም የደረሰውን ኪት ግማሹን ለፍተሻ አውሉት ማለት ይከብዳል። ይገባኛል። ነገር ግን ለዚህ ኢንዛይም ርካሽ ፍተሻ አለን። ዳኛው ማን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ጡረታ ይውጣ የተባለው ኤልማን ነው።

እንዲህ ነው። አንቲቦዲውን ቢድ ላይ እሰሩት። ሌላ ቢድ ላይ ደግሞ ከዚሁ እንስሳ የመጣ፣ ነገሩ ከኢንዛይሙ ጋር የማይገናኝ አንቲቦዲ እሰሩ። ሁለቱም ላይ የተበረዘ ፕላዝማ ጨምሩ። አቆዩት፣ ቢዱን ለዩት። ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ሥራ በኤልማን ለኩ። አንቲቦዲው እውነት ኢንዛይሙን የሚይዝ ከሆነ በመጀመሪያው ቱቦ ሥራው ይወርዳል፤ በሁለተኛው ባለበት ይቆያል። የጎደለው ደግሞ ቢዱ ላይ መገኘት አለበት። ካልጎደለ አንቲቦዲው ያንን ኢንዛይም በተፈጥሮ ቅርጹ አይዝም ማለት ነው። ፕሮቲን ጂ (አንቲቦዲን የሚይዝ ፕሮቲን) ያለበት ቢድ የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ የፕላዝማው የራሱ አንቲቦዲ ቦታ ይሻማል። አንቲቦዲው በኬሚካል የተያያዘበት ቢድ ይሻላል። አልቡሚንን ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ይህን ፈተና አያልፍም፤ አልቡሚን ቢወጣ የኤልማን ቀለም አይቀንስማ።

አንድ ነገር ግን ልመን። ፕሮቲኑ በሙቀትና በሳሙና ሲዘረጋ ብቻ የሚያውቁ አንቲቦዲዎች አሉ። እነዚህ ይህን ፈተና ይወድቃሉ፣ ዌስተርን ብሎት ላይ ግን በደንብ ሊሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ ፈተናው አንቲቦዲውን ለምን ልትጠቀሙበት እንዳሰባችሁ ይመልስ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአንቲቦዲ ፍተሻ መመሪያ ያወጣው ዓለም አቀፍ ቡድንም የሚለው ይህንኑ ነው። አምስት የፍተሻ መንገዶችን ዘርዝሯል፤ አንቲቦዲው የሚፈተሸውም በሚያገለግልበት ሥራ ላይ ነው ብሏል። ከአምስቱ አንዱ አንቲቦዲ በማይጠቀም ሌላ ዘዴ ማመሳከር ነው። ኤልማን በትክክል ያ ነው።

ሌላ ወጥመድ ልጠቁም፣ ብዙ ሰው ስለማያስበው። ፕሌቱን ለመሸፈን የፈረስ ሲረም የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ የፈረስ ሲረም በዚሁ ኢንዛይም የበለጸገ ነው። ከዚያ በኋላ የያዛችሁትን ኢንዛይም ሥራ ልለካ ብትሉ የምትለኩት የፈረሱን ሊሆን ይችላል።

ስለ ሞኖክሎናል ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮለርና ሚልስታይን ዘዴውን ሲያወጡ ትልቅ ነገር ሠርተዋል፤ ኖቤሉም ይገባቸዋል። ከአንድ ጥንቸል ደም ከሚገኝ ፖሊክሎናል (የብዙ ዓይነት አንቲቦዲ ድብልቅ) ይልቅ ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ሆኖ መምጣቱ እውነት ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ነገር ግን አንድ ዓይነት መሆንና ዒላማውን መሳት አብረው ይሄዳሉ። የማይገባውን ነገር በታማኝነት ሁልጊዜ የሚይዝ ሞኖክሎናል ሊኖር ይችላል። አንድ ዓይነት መሆኑም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት 185 ሃይብሪዶማዎች (ሞኖክሎናል የሚያመርቱ ሴሎች) 59ኙ ተጨማሪ የአንቲቦዲ ሰንሰለት ሲሠሩ ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 614 የገበያ አንቲቦዲዎችን የዒላማቸው ጂን በተደመሰሰበት ሴል ላይ የፈተኑ ተመራማሪዎች፣ በአማካይ የተሻሉት ሪኮምቢናንት (ከታወቀ ጂን በላብራቶሪ የተሠሩ) የሆኑት ናቸው ብለዋል። ካታሎግ ስታገላብጡ መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ።

ቱቦው። ይህ አጭር ነው። ለስኳር ምርመራ የሚያገለግለው ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ ፍሎራይድ አለበት። ፍሎራይድ ኮሊንኤስትሬዝን ይገታል። ደሙ ወደዚያ ከገባ ኤልማን ይወርዳል፣ ኢላይዛው ምንም አይሰማውም፤ ከላይ በነገርኳችሁ ማካፈል ደግሞ ሠራተኛው «ተመርዟል» ይባላል። ደሙ ከፈረሰ የቀይ ደም ሴሉ አሴቲልኮሊንኤስትሬዝ ይቀላቀልበታል፤ በዘረመል ሌላ ቢሆንም በአሠራሩ የቅርብ ዘመድ ነው። ቡቲሪልቲዮኮሊንን እንደ ሰብስትሬት (ኢንዛይሙ እንዲሰባብረው የሚሰጠው ነገር) መጠቀም ይህን በብዙ ይቀንሰዋል።

ደም እንዳይረጋ ኢዲቲኤ የተጨመረበት ቱቦስ? ለእኛ ኢንዛይም ብዙ አያሳስብም። ፓራኦክሶኔዝ የተባለውን፣ ኦርጋኖፎስፌትን የሚሰባብረውን ሌላውን የፕላዝማ ኢንዛይም ለምታጠኑ ግን ያሳስባል። እሱ ያለ ካልሲየም አይሠራም፣ ኢዲቲኤ ደግሞ ካልሲየሙን ይወስድበታል። ያን ፕላዝማ በአንቲቦዲ ብትለኩት ኢንዛይሙ ሙሉ ነው ይላችኋል። በሥራ ብትለኩት የለም ይላችኋል። «ቱቦው አያስጨንቅም» ያሉት ጸሐፊ፣ «መጠን ካለ ሥራ አለ» ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ አንድ የኢዲቲኤ ቱቦ ሁለቱንም ያፈርሳል።

የቀረው የሙቀትና የመብራት ነገር ነው። ኤልማን ለሙቀት ስስ ነው፤ እውነት። ሐምሌ ላይ ሰበታ ጠዋት ጠዋት ከጋውኑ ሥር ሹራብ ደርበን ነው የምንሠራው። በዚያ ብርድ የተለካ ኢንዛይም ከቀትር በኋላ ከተለካው ይዘገያል። ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ይህን ነጥብ ያለ ክርክር እቀበላለሁ። መፍትሔው ግን ውሃ ገንዳውን 25 ዲግሪ ላይ ማቆየትና በየቀኑ አንድ የታወቀ ፕላዝማ አብሮ መለካት ነው። ኪት መቀየር አያስፈልገውም።

ደግሞስ ኢላይዛ ከሙቀት ነፃ ነው ያለው ማነው? ቀለሙን የሚያወጣው ፔሮክሲዴዝ ራሱ ኢንዛይም ነው። ይበርደዋል። ይዘገያል። አዛይድ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) ያለበት ቡፈር ከተነካ ጭራሽ ይሞታል። በየፕሌቱ ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማወዳደሪያ) ስለሚሠራ ስህተቱ ይካካሳል ቢሉኝ እስማማለሁ፤ በኤልማንም የታወቀውን ፕላዝማ የምናስገባው ለዚያ ነው። መብራትን በተመለከተ ደግሞ ኪቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ መብራት ጠፍቶ የከረመ ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ኪት ሰኞ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል። የኤልማን ሰብስትሬትም ብርድ ይወዳል፤ ቢበላሽ ግን የሚጠፋው አንድ ብልቃጥ ዱቄት ነው። 96 ጉድጓድ ያለው ፕሌት ስምንት ስታንዳርድ በድግም (ሁለት ሁለት ጉድጓድ) ከወሰደ በኋላ በድግም የሚለካው 40 ሰው ነው። ለአንድ እርሻ ረጪዎች፣ ከርጭት በፊትና በኋላ፣ ስንት ኪት እንደሚያልቅ አስሉት።

«የድሮ ዘዴ» የሚለው ቃልም ትንሽ አስፈገገኝ። ኤልማን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ኢላይዛን ኤንግቫልና ፔርልማን ስቶክሆልም ላይ ያወጡት በ1971 ነው። በአሥር ዓመት ነው የሚበላለጡት፤ ሁለቱም አዛውንት ናቸው።

ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ ላቅርብና ልብቃ። ከራሳቸው ደም በሄፓሪን ቱቦ ትንሽ ፕላዝማ ይለዩ። ለሁለት ይክፈሉት። በአንዱ ላይ ኒዮስቲግሚን ይጨምሩበት፤ በሰመመን ክፍል የሚታወቅ መድኃኒት ነው፣ ይህንንም ኢንዛይም ይገታል። እየቆየ ስለሚለቀው ሳይዘገዩ፣ ሳያበዙም ሳይበርዙት ይለኩት። ሁለቱንም ቱቦ በኢላይዛም በኤልማንም ያሂዱ። አራት ቁጥር ያገኛሉ። እነዚያን አራት ቁጥሮች ከባዶ ጉድጓዶቹ ንባብ ጋር ቢያወጡልን፣ ቀጣዩን ክርክር በእነሱ ላይ እንቀጥላለን።